ከቤቴ የተወሰደው የቅቤ ማሰሮ

ስድስት ሴት ጎረቤቶቼ እኔ በሌለሁበት የቅቤ ማሰሮውን ከቤቴ ወስደው ደግመው ደጄን አልረገጡም። ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ይቅር አላልኳቸውም ነበር።

ሆሳዕና ከተማ አጠገብ፣ ሌሞ ወረዳ ውስጥ እነዚህ ድሃ ሴቶች በየገበያው ቀን አንድ አንድ ስኒ ቅቤ ያዋጡ ነበር። ባሎቻቸው እንዳይነኩት ማሰሮው እኔ ቤት ይቀመጣል። ሲሞላ ባለዕጣዋ ሆሳዕና ወስዳ ትሸጥና ጥጃ ትገዛለች።

ዕጣ አውጪው እኔ ነበርኩ። ከስድስቱ አንዷ ማርታ አንድ ቀን "ይህን ዙር ለእኔ ስጠኝ" ብትለኝ "ዕጣሽን ጠብቂ" አልኳት። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳትም። ማሰሮው በማግስቱ ጠፋ።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ከስድስቱ አንዷን አልማዝን አገኘኋት።

"ምን በድያችሁ ነው?" አልኳት።

"የማርታ ልጅ ልትሞትባት ነበር፣ ጋሼ። ቅቤውን ሸጠን አሳከምናት።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርህ ዕጣውን ትተወው ነበር?"

ዋሽቼ አላውቅም። "አልተወውም ነበር" አልኳት።

ሳቀችብኝ። "ልጅቷ ያቻት፤ አሁን ውሃ የሰጠችህ።"

ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር።

ደንብ አከብራለሁ ብላችሁ ሰው የጎዳችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ አነባለሁ። እኔ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ አላነሳም።