እስከ ማንጎው

የበሰበሰ ማንጎ ሲሸተኝ አንድ ጠዋት ይመጣብኛል። መንደራችን የራሷ ገበያና መስጊድ ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። አሶሳ በአራቱም በኩል ከበበቻትና ቀያሽ ድንበሯን ሊለካ መጣ፤ ከድንበሯ ውጭ የቀረው መሬት የከተማው ይሆናል ተባለ። በእኛ ዘንድ ድንበር ሲያጣላ የሚጠየቀው ልጅ ነው፤ ልጅ አይዋሽም ይባላል። አባቴ አስቀድሞ «እስከ ወንዙ በል» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እውነተኛው ድንበር ግን ከወንዙ ወዲህ ያለው፣ ፍሬው ሥሩ ወድቆ የሚበሰብሰው ማንጎ ዛፍ ነበር።

ቀያሹ ሲጠይቀኝ «እስከ ማንጎው ነው» አልኩ።

ቀያሹ ሳቀ። «ሼህ፣ ልጅዎ ከእርስዎ ይሻላል!»

አባቴ አልተቆጣኝም። በተሰባበረ አማርኛው «ልጅ እውነት ተናገረ» አለ። «ቤት ግን የት ይሠራል?»

ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ሦስት ልጆቼ ቤት መሥሪያ አጥተው ሁላችንም በአባቴ ግቢ ታጭቀናል። አሁንም አትዋሹ እላቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ግን አላይም።