ደወል በጮኸ ቁጥር

ታይሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው ጥቁሩን ዳቦ ከምድጃ ልታወጣ ስትል ነው። የምድጃው ደወል ጮኸ፤ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፤ ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የለም። ስትነቃ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፣ ክንዷ ተቃጥሏል፣ አብሯት የሚጋግረው ሬይኖ ፊቷ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጫል።

"ዳቦውን ጋግሪ እንጂ ራስሽን ጋግሪ ማን አለሽ?" አላት። ቀልዱ ራሱንም አላሳቀውም።

ያኔ ዕድሜዋ አርባዎቹን አጋምሶ ነበር። ባል አላገባችም፤ ከባሕሩ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ ከእናቷ ከሂልያ ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያው ሐኪም ልቧን በኢሲጂ፣ የልብን ምት ወረቀት ላይ በሚያሰምር መሣሪያ፣ አስመረመረና ወረቀቱን ገረፍ አድርጎ አይቶ "ልብሽ ደህና ነው፤ የማረጥ ዕድሜሽ ስለደረሰ ነው" አላት። ሁለተኛው ነርቭ ነው አለ። ቤት ውስጥ ስልክ ሲጠራ ድንገት ወደቀችና ሰውነቷ ተንፈራገጠ፤ ሦስተኛው ደግሞ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘላት። መድኃኒቱ አፏን አደረቀው፣ ሐሳቧን አደነዘዘው፤ መውደቁን ግን አላስቀረላትም። መንጃ ፈቃዷን ነጠቋት። የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ከምድጃው አርቆ ወለል ጠራጊ አደረጋት። ሃያ ዓመት ሊጥ ያቦካች ሴት መጥረጊያ ይዛ ስትንጎራደድ፣ ዳቦ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ዓይኑን ይሰብርላት ጀመር።

ከሁሉ የከፋው ግን የእናቷ ነገር ነበር።

"አንቺም እንደ እህትሽ ልትሆኚብኝ ነው?" ትላታለች ሂልያ፣ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል።

"ታምሜ ነው እኮ፣ እማዬ።"

"እሷም ታምሜ ነው ትል ነበር።"

እህቷ አውኔ ሴት ልጅ በወለደች በሁለተኛው ወር፣ ማለዳ፣ አልጋዋ ላይ ሞታ ነው የተገኘችው። ጠረጴዛዋ ላይ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። ለዚያች ከተማ ይህ በቂ ነው፤ ራሷን አጠፋች ተባለ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ሂልያ የልጇን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች፤ ስሟንም ዳግመኛ አላነሳችም። ሕፃኗን ሚርቫን ግን አሳደገች፤ ታይሚ ታጥባት፣ ታበላት፣ ትምህርት ቤት ታደርሳት ነበር። አሁን ሚርቫ ሃያ ዓመት ሞልቷት ኦሉ ከተማ አበባ ቤት ትሠራለች።

አንድ ቀን ሬይኖ ታይሚን መጥረጊያዋን ተደግፋ ስታለቅስ አገኛት።

"ስሚ፣" አላት፣ "ኦሉ ውስጥ ኤክሉንድ የምትባል የልብ ሐኪም አለች። ሚስቴን ያዳነቻት እሷ ናት። አሮጊት ናት፣ ፊቷ አይፈታም፤ ግን ጆሮ አላት።"

"ልቤ ደህና ነው ብለውኛል እኮ።"

"እነሱ ያሉትንማ አየነው። ሐሙስ ዳቦ ይዤ ስሄድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። መኪናዬ ውስጥ መውደቅ ክልክል ነው፤ ዳቦውን ትጨፈልቂብኛለሽ።"

ዶክተር ኤክሉንድ እውነትም ፊቷ አይፈታም። ታይሚ ከፊቷ ተቀምጣ ለሐኪም ሁሉ የምትለውን ማለት ጀመረች፤ ጥቂት እንደተናገረች ዝም አለች። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቋርጧታል። ሐኪሟ ግን ብዕሯን አስቀምጣ እየጠበቀቻት ነው።

"ይቀጥሉ እንጂ፤" አለች ኤክሉንድ። "ከመውደቅዎ በፊት ምን ነበር? የተሰማዎትን ብቻ ሳይሆን በዙሪያዎ የነበረውን ሁሉ።"

ታይሚ አሰበች። ምድጃው ፊት ነበረች፣ ደወል ጮኸ። ቤት ውስጥ ነበረች፣ ስልክ ጠራ። አንዴ ደግሞ ተኝታ ሳለ የማንቂያ ሰዓቱ ጮኾ፣ ከአልጋ በታች ወድቃ እናቷ አገኘቻት። እየተናገረች ሳለ የራሷ ድምፅ ቀስ እያለ መጣ፤ ለካ ሁሉም ድምፅ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሐኪም ቤት ስትመላለስ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃትም፤ እሷም ልብ ብላው አታውቅም።

"ከቤተሰብዎ በድንገት የሞተ ሰው አለ?"

"እህቴ። በወለደች በሁለት ወሯ። ግን እሷ... ራሷን ነው ያጠፋችው።"

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"ሁሉም።"

"ሲያገኟት ሕፃኗ የት ነበረች?"

"አጠገቧ። ጎረቤት የገባችው እኮ የልጅቷን ለቅሶ ሰምታ ነው።"

ኤክሉንድ ብዕሯን አንስታ ይህን ጻፈች። ከዚያ ታይሚን ራሷ አስተኝታ ኢሲጂ አነሳችላት፤ ወረቀቱን መስኮቱ ሥር ዘርግታ በማስመሪያ ለካችው። ታይሚ ይዛው የመጣችውን የድሮውንም ለካችው። ሁለቱም ላይ ያው ነበር፤ በሽታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል።

"ልብዎ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ከሚገባው በላይ ይዘገያል፤" አለቻት። "በዚያች ቅጽበት ድንገተኛ ድምፅ ካስደነገጠዎት ልብዎ ይርገበገባል፣ ደም መርጨት ያቆማል። አንዳንዴ ራሱ ይመለሳል። አንዳንዴ አይመለስም። በዘር የሚወርድ ነው፤ የወለደች ሴት ላይ ደግሞ ይብሳል።"

"አውኔ..."

"አላየኋትም፤ ምዬ አልናገርም። ግን እንደዚያ ይመስለኛል። ልጅቷ የት ናት?"

"እዚሁ ኦሉ። ልደውልላት፤" አለች ታይሚ፣ እጇም ወደ ስልኩ ሄደ።

ኤክሉንድ እጇን ያዘቻት። "አይደውሉ። ሄደው ያምጧት።"

ሬይኖ መኪናውን እንደዚያ ሲነዳ አይታው አታውቅም፤ አንዲት ቀልድም አልወጣችውም። አበባ ቤቱ በር ላይ ቃጭል ተንጠልጥሎ ነበር፤ ታይሚ በሩን ከመክፈቷ በፊት እጇን ሰድዳ አፈነችው። ሚርቫ ጽጌረዳ እየከረከመች ቀና አለች።

"አክስቴ! ምነው? ማን ሞተ?"

ታይሚ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ነገር ጠፋባት። በኋላ፣ የሚርቫም ልብ ተለክቶ እንደ አክስቷ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ አበባ ቤቱ ደጃፍ በቆመው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው የነገረቻት። እንደ ስጦታ አድርጋ ነው የነገረቻት። እናትሽ አልተወችሽም፣ አለቻት። በሽታው ነው እንጂ እሷ በራሷ ላይ እጇን አላነሳችም።

ሚርቫ ወደ አክስቷ ዞረች።

"ድምፅ ነው የሚያስነሳው አልሽኝ፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ያን ጠዋት ቤት ውስጥ ማን ነበር ድምፅ ያሰማው?"

ታይሚ ያን ጊዜ ነው የገባት። ከፊት የተቀመጠው ሬይኖ መሪውን ጨበጠ።

"ልጅ ነበርሽ እኮ፣ የኔ ሆድ። ልጅ ያለቅሳል።"

"አልቅሼ ገደልኳት በያ።"

"እንዲህ አትበይ!"

"ታዲያ ምን ልበል? ድሮ ጠልታኝ ሄደች እል ነበር። ያኛው ይሻለኝ ነበር፣ አክስቴ።"

ታይሚ አቅፋ ልትይዛት ሞከረች። ሚርቫ በሩን ከፍታ ወረደችና ወደ አበባ ቤቷ ሄደች።

ሂልያም ወሬውን ስትሰማ አልተደሰተችም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ መሐረቧን አሥር ጊዜ አጠፈች፣ ፈታች።

"መድኃኒቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤" አለች።

"ጠርሙሱ ሙሉ እንደነበር አንቺው ነግረሽኛል እኮ፣ እማዬ።"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም።"

በእርግጥ ያን ሰሞን ብላ ነበር፤ ታይሚ ግን አልተከራከረቻትም። እናቷ ይህን ካመነች ሃያ ዓመት ሙሉ በልጇ ያፈረችው በከንቱ ሊሆን ነው፤ ይህን የሚሸከም ትከሻ ደግሞ በዚያ ዕድሜ የላትም። ኤክሉንድ ሂልያም ትመርመር ብላ ነበር። "የእኔ ልብ ምንም አልሆነም" ብላ ሂልያ እምቢ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለዚህ ነገር አላወሩም።

ታይሚ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ተወች፤ ሌላ ታዘዘላት፣ ከደረቷ ቆዳ ሥርም ልቧ ሲርገበገብ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልሰው ትንሽ መሣሪያ ተቀበረላት። አንድ ጊዜ መሣሪያው ሲመታት በበቅሎ የተረገጠች መስሏት ነበር፤ ግን ተነሣች። ወደ ምድጃው አልመለሷትም፤ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ኤክሉንድም በዓመቱ ጡረታ ወጣች። ሚርቫ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ልጅ ግን አልወልድም ብላለች፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሂልያ የሞተችው በሦስተኛው ክረምት በሳንባ ምች ነው። ሚርቫ ለቀብር መጣች። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ በረዶው ውስጥ ቆመው ሳሉ፣ አክስቷን ሳታያት፣

"ድምፅዋ እንዴት ነበር?" አለቻት።

"የማን?"

"የእናቴ።"

ታይሚ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስሟ ከተነሳ ስንት ዘመኑ። "ጎርነን ያለ ነበር፤ እንደ ወንድ። ስትስቅ ደግሞ ታስነጥሳለች። እኔና እሷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጎን ለጎን እንዳንቀመጥ ተከልክለን ነበር።"

"ለእኔስ ታወራልኝ ነበር?"

"ቀኑን ሙሉ። ዝም አትልም ነበር።"

ሚርቫ ራሷን ነቀነቀች። ወደ መኪናው ሲሄዱ መንገዱ ያንሸራትት ስለነበር የአክስቷን ክንድ ያዘች፤ መኪናው ጋ ሲደርሱ ለቀቀቻት።