ታላቅና ታናሽ

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ጎልማሳ ሰው ሁለት አሮጌ መኪኖቻቸውን በየማለዳው ይወለውላሉ፤ አንዱ የጃንሆይ ዘመን ላንድሮቨር ነው፣ ሌላው የደርግ ጊዜ ቶዮታ። የቶዮታውን ጎማ በእግራቸው መታ አድርገው፣ «አንተ፣ እንዴት አደርህ?» ይሉታል። ላንድሮቨሩ ጋ ሲደርሱ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እንደምን አደሩ?» ብለው እጅ ይነሳሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። «ለመሆኑ የትኛው ይበልጣል?» አልኳቸው።

«አስፋልት ላይ ይሄ ይቀድማል። ጭቃ ሲመጣ ግን መንገዱ የእሳቸው ነው።»

«መኪና አንቱ ይባላል እንዴ?»

ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «እናቴን ምጥ ሲይዛት ከይጁቤ ይዘዋት የመጡ እሳቸው ናቸው። ከተማ ሳንገባ ከኋላ ወንበራቸው ላይ ተወለድኩ። ታዲያ ታላቄን አንተ ልበል?»