«ለመስቀል ሌላ አምጪ»

አዲስ ሸክላ ትኩስ ነገር ሲፈስበት የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ዝናብ የነካው አፈርና የጭስ ሽታ አንድ ላይ። ባለፈው ሰሞን ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ምሳ ልንበላ ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንድ ሆቴል ገብተን፣ አስተናጋጇ ጥብሱን በሸክላ አቅርባ «የባህላችን ነው» ስትለን ያ ሽታ መጣብኝና ምግቡ በአንዴ አስጠላኝ። ግድግዳው ላይ ድስት ተሰቅሏል፣ ጥግ ላይ እንስራ ተደርድሯል፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። የባህላችን! ሠሪዎቹን ከደጃፍ ሲመልስ የኖረ ሰው ሁሉ ዛሬ በሥራቸው ይኮራል።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የምንኖረው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከመንደሩ ተነጥለን ወንዙ ዳር ነበር፤ የተነጠልነውም ወደን አልነበረም። «ቺናሻ» ይሉን ነበር። ሸክላ ሠሪ ማለት ነው፣ እነሱ ግን እንደ ስድብ ነበር የሚጠሩት። የራሳችን መሬት ስላልነበረን አባቴ የሰው ማሳ እየቆፈረ፣ እናቴ ጭቃ እያቦካች ነበር የሚያሳድጉን።

በጋ ሲገባ ከወንዙ ዳር አፈር ቆፍረን፣ በጀርባችን ተሸክመን፣ ጠጠሩን ለቅመን እንሰጣታለን፤ እሷም በእግሯ ረግጣ አቡክታ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ በእጇ ታበጀው ነበር። ጥላ ሥር አድርቃ፣ በእንጨትና በሣር ሸፍና ስትተኩሰው ጭሱ ልብሳችንና ፀጉራችን ውስጥ ገብቶ ይከርም ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሳንናገር እንታወቅ ነበር። በገበያ ቀን ተሸክመን ሶዶ እንወጣለን። ሴቶቹ ድስቱን በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን አዳምጠው ይመርጡና፣ ከእጇ ላለመቀበል «እዚያ መሬት ላይ አስቀምጪው» ይሏት ነበር። እናቴም ታስቀምጥላቸው ነበር።

ክረምት ጠላታችን ነበር። እንጨቱ ይረጥባል፣ የተሠራው አይደርቅም፣ አፈር የምናወጣበት ጉድጓድ ውኃ ይሞላል። ያበጀችውን ይዛ ፀሐይ ስትጠብቅ እኛ በጎመንና ቦዬ በሚባለው ሥር እንከርም ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን የጊፋታ ትእዛዝ ይጎርፋል፤ በመስከረም፣ በመስቀል ሰሞን የሚውል የወላይታ ዘመን መለወጫ ነውና ቤቱ ሁሉ አዲስ ሸክላ ይፈልጋል። በዓሉ ያለ እኛ እጅ አይሞቅም ነበር፣ እኛን ግን የሚጠራን አልነበረም።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በጊፋታ ዋዜማ፣ እናቴ ቅቤ ማንጠሪያ ድስት ወደ አንድ ትልቅ ግቢ ስታደርስ ክዳኑን ይዤ ተከተልኳት። የቤቱ ልጅ አስቴር በትምህርት ቤት አንድ ወንበር የምንጋራ ጓደኛዬ ነበረች። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። የአስቴር እናት ሮጣ ወጥታ ድስቱ እንዳይረጥብ በሁለት እጇ አቅፋ አስገባችው፤ እናቴን ግን ከውጭ ተወቻት። እናቴ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ ከታዛው ጠርዝ ቆመች፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ትከሻዋን ይመታት ነበር። እኔ ክዳኑን ይዤ ድስቱን ተከትዬ ገባሁ። ድስቱ ሲገባ ክዳኑ የሚቀር አልመሰለኝም።

አስቴር አየችኝና ሳቀች፤ ጠጋ ብላ አስቀመጠችኝ። በመካከላችን ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋ በቅቤ ርሶ፣ በሸክላ ወጭት ቀርቦ ነበር። ወጭቱን አውቀዋለሁ፤ እናቴ የሠራችው ነው። አንዴ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ሳነሣ የአስቴር እናት ክንዴን ይዛ አስነሣችኝና ወደ ውጭ ገፋችኝ፤ ከዚያ ወጭቱን ከነምግቡ አንሥታ ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ከሰከሰችው። ድስቱን ካቀፈችበት በዚያው እጇ! አስቴር አለቀሰች። ሴትዮዋ ወደ እናቴ ዞራ፣ እንዲያውም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ልጅሽ አርክሳብኛለች። ለመስቀል ሌላ አምጪ» አለቻት።

«እሺ፣ እመቤቴ» አለች እናቴ።

አማርኛ ውለታ ቢስን «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» ይለዋል፤ ሌላ ሰው የበላበትን ወጭት የሚሰብረውን ግን ምን እንደሚለው እስካሁን አልሰማሁም። ያረከስኩት ወጭት የተሠራው በማን እጅ ሆነና ነው? የሚተካውንስ ማን ሊሠራው?

እናቴ ነጠላዋን ጨምቃ ወደ ቤት መራችኝ። በማግስቱ፣ ሰው ሁሉ ለበዓሉ ሥጋ ሲቆርጥ፣ ጭቃ አቡክታ ተቀመጠች። አተኩራ፣ ከንፈሩን በእርጥብ ቅጠል እያለሰለሰች፣ ከሠራቻቸው ሁሉ ያማረውን ወጭት ለዚያች ሴት ሠራች። ያን ቀን ከሴትዮዋ ይልቅ የጠላሁት እናቴን ነበር።

«አዬ፣ ለምን ትሠሪላታለሽ?» አልኳት፤ እናታችንን «አዬ» ነበር የምንላት።

ቀና ሳትል «ካልሠራሁ ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

ሌላ እርጥብ ቅጠል አቀበልኳት። ቁጣዬ ግን እሷ ዘንድ መሄዱን አቁሞ ወደሚገባው ቦታ ዞረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

አሁን ተምሬ ሶዶ ውስጥ ሥራ ይዣለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ፣ እናቴንም አምጥቻታለሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሰው እኩል ነው ተብሎ ይሰበካል፤ አስቴርም ስታገኘኝ አቅፋ ትስመኛለች። ቢሆንም ልጅ ለመዳር ሲታሰብ «ጎሳቸው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በሹክሹክታ ይዞራል፤ መልሱን ሰምተው ሽማግሌ ሳይልኩ የቀሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ያኔ እናቴን ከበር የሚመልሳት ሰው ነበረና ቢያንስ የምጠላው ፊት ነበረኝ። ዛሬ የሚመልሳት የለም። ሳሎኔ ሰፊ ነው፣ ሶፋው የሷ ነው፤ እሷ ግን በሩ አጠገብ ዱካ አስቀምጣ ትቀመጣለች። «አዬ፣ ግቢ እንጂ» ስላት «እዚህ ይሻለኛል፣ ነፋስ አለ» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ ባልደረቦቼ ምሳ ሊበሉ መጡ፤ ላስተዋውቃቸው ዞር ስል ዱካው ባዶ ነበር። እንግዶቹ በልተው እስኪሄዱ ድረስ፣ በገዛ ልጇ ቤት፣ ጓሮ ቆማ ጠበቀች።