እማን የገደላት ኦክስጅን አይደለም

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልበትም። ሰው ሲበዛ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ለቅሶ ቤታችን ውስጥ አንዲት ሴት እየሳለች፣ "እኔስ ብሞትም ሐኪም ቤት አልሄድ፤ እሷንም ኦክስጅን ነው የበላት" ስትል ዙሪያዋን የተቀመጡት ሁሉ "እውነት ነው" አሏት። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። ትሪውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩና ወደ ጓዳ ተመለስኩ። ሴትየዋ እየሳለች ወደ ቤቷ ሄደች። እዚያ ልላት የፈለግሁትን ነው የምጽፈው።

የሞተችው አክስቴ ናት፣ የአባቴ እህት። ከሕፃንነቴ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች የምጠራት እማ ብዬ ነው። ኮልፌ ውስጥ የባሕር ዛፍ አጠናና ቋሚ ትሸጥ ነበር። ከወንዶቹ ነጋዴዎች መሃል ተቀምጣ ዋጋ ስትከራከር ድምፅዋ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ እንጨቱ ጠማማ ነው ብለው ዋጋ ሊቀንሱ ሲሞክሩ፣ "አባቴ፣ እንጨቱስ ቀጥ ያለ ነው፤ እርስዎ ነዎት አንገትዎን አዘንብለው የሚያዩት" አለቻቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ስቀው ባለችው ዋጋ ገዙ።

ስኳር ነበረባት። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ኪኒኑን በፌስታል ጠቅልላ ከሩዙ ጆንያ ሥር ታስቀምጠው ነበር። ልትውጥ ስትል እኔ ውኃ አቀብላትና በሩን እዘጋለሁ። "ታማሚ ናት ከተባልኩ ገበያ ውስጥ የሚቆጥረኝ የለም" ትላለች። "በሽታ አይወራም። ሲያወሩለት ይበረታል።" እኛ ሰፈር ብዙው ሰው እንዲህ ነው። እንዴት ነህ ሲሉት አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የራሱ ጉዳይ ነው። እኔም ይህን ክፉ ነገር አልለውም። ሰው የተረፈው ክብሩ ብቻ ሲሆን ይሸፍነዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጉንፋን ገባ። አጠና የሚሸጡት ሁሉ ያስነጥሱ ነበር። ሁሉም ሁለት ሦስት ቀን ተኝተው ተነሡ። እማ ግን አልተሻላትም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር አድርጋ በላች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ታጠነች። ሳሉ ከጉሮሮዋ ወደ ደረቷ ወረደ። "እማ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" ስላት፣ "ለጉንፋን? አንቺ ልጅ፣ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው" አለችኝ። እንዲህ እያልን ሳምንቱ አለቀ። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ እስከ በሩ ሄዳ መናገር አቃታት። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሮጬ ጎረቤታችንን ጠራኋት፤ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ሄድን።

ይህች ጎረቤታችን የእማ የልብ ጓደኛ ናት። ባሏ በኮሮናው ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን ተደርጎለት ሞቷል። ታክሲው ውስጥ የእማን እጅ ይዛ፣ "ማስክ እናድርግልሽ ካሉሽ እምቢ በይ፣ እሺ? የኔንም ሰው በሱ ነው የጨረሱት" ትላት ነበር። እማም በአንገቷ እሺ ትላለች።

ድንገተኛ ክፍል ወጣት ሐኪም ተቀበለን። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለች ነገር ጣቷ ላይ አደረገና የወጣውን ቁጥር ሲያይ ወዲያው ኦክስጅን አስመጣ። እማ እምቢ ለማለት እንኳ ትንፋሽ አልነበራትም። ትንሽ ስትረጋጋ ይጠይቃት ጀመር።

"እናቴ፣ ስኳር አለብዎት? ደም ግፊት? የልብ፣ የኩላሊት ሕመም?"

እማ ጎረቤታችንን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ዝም በይ ይላል።

"አልሐምዱሊላህ። ምንም የለብኝም።"

"መቼ ነው የጀመረዎት?"

"ትናንት።"

ሐኪሙ ወጣ። ተከተልኩት። ኮሪደሩ ላይ በጣም ይፈጥናል። "ዶክተር" አልኩ፣ አልሰማኝም። ደግሜ ጠራሁት፣ አሁንም አልሰማኝም። ሮጥ ብዬ የጋዋኑን ጫፍ ያዝኩ። ሲዞር አፍሬ ጫማውን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

"ስኳር አለባት። ኪኒን ትውጣለች። ያመማትም ትናንት አይደለም፣ ሳምንት አልፏታል።"

"ታዲያ እዚያው ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጎረቤት ነበረች።"

የሚስቅብኝ ወይም የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። አላደረገም። ልንሰጣት ያሰብነው መድኃኒት ስኳሯን ሽቅብ ይሰድደዋል፣ እንኳን ነገርሽኝ፣ እየለካን እንሰጣታለን አለኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ አስረዳኝ። ጉንፋኑ አንድ ነው፤ የሚገባበት ሰው ነው የሚለያየው። ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ያለበት፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ፣ ሳንባው ከድሮም የተጎዳ ሰው ይከብደዋል። ቆይቶ የመጣ ደግሞ የበለጠ። ትንፋሹ በጣም አንሶ፣ ነገር እየተምታታበት ከመጣ ያ ከሁሉ ያሰጋል።

"ኦክስጅን ግን ይገድላል ይላሉ" አልኩት። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም።

"ኦክስጅን የምንሰጠው ለደከመ ሰው ነው። በጣም ከደከሙት ደግሞ የሚሞቱ አሉ። ዘመድ መጨረሻ ላይ የሚያየው ማስኩን ነው፤ ስለዚህ እሱ ገደለው ይላል። አይፈረድባቸውም። አንቺ ግን እንዳታስነኪው። ብታወልቀው ያን ሰዓት ነው የምናጣት።"

ከሰዓት በኋላ እማ ነገር ተምታታባት። ነርሷ የደም ግፊቷን ልትለካ ክንዷን ስትይዝ፣ "በዚህ ዋጋ ቋሚ አይገኝም እህቴ! ከፈለግሽ አስኮ ሂጂና ፈልጊ" አለቻት። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "እሺ እናቴ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ" አለች። አጠገባችን የተኛችው ሴት ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሐኪሙ ያለኝ ትዝ ብሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በማግስቱ አእምሮዋ ተመለሰ። በመጠየቂያ ሰዓት ጎረቤታችን በፔርሙስ አጥሚት ይዛ መጣች። እማን ስታይ እንባዋ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "ውይ የኔ እህት፣ አፍነዋት! በዚህ ተሸብባ እንዴት ትጠጣ?" ብላ ማስኩን በሁለት እጇ፣ ልጅ እንደምትነካ ሆና አነሣችው። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ኩባያውን ወደ ከንፈሯ ስታስጠጋ የእማ ደረት ሽቅብ ቁልቁል ይል ጀመር፤ አልጋዋ አጠገብ ያለው መለኪያ ጮኸ።

"ይመልሱት!" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አጠገባችን ያለችው በሽተኛም አየችኝ። ከዚያ በፊት ጎረቤታችንን ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም።

"ሴትየዋ፣ ይመልሱት ነው የምልዎት! እርስዎ ስላዘኑ ትንፋሽ አይሆናትም!"

ቀርቤ ማስኩን ከእጇ ወሰድኩና ራሴ አደረግሁላት። ጎረቤታችን ፔርሙሱን ክዳኑን እያጠበቀች፣ "እኔ እንድትሞት ነው የመጣሁት?" አለች። አይፈረድባትም። ባሏን ያየችው እንደዚያ ሆኖ ነው። እማ ግን ከማስኩ ሥር ትከሻዋ እየተነቃነቀ ነበር። መጀመሪያ ሕመሙ የባሰባት መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው።

"ይህች ልጅ... ድምፅ ነበራት እንዴ? አጠና ተራ... በከንቱ... ስጮህ ኖርኩ!"

ጎረቤታችንም እያለቀሰች ሳቀች። አጥሚቱን በኋላ ነርሷ ስትፈቅድ፣ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ስኳሩን እንደነገርኩም ጭምር። ፊቷን አጥቁራብኝ ወደ ኮርኒሱ ዞረች። ከዚያ፣ "እና እኔ... ከየትኞቹ ነኝ?" አለችኝ።

መዋሸት ይቻል ነበር። "ዕድሜሽ አለ፣ ስኳሩ አለ፣ ቆይተንም ነው የመጣነው" አልኳት። "የቀረን ማስኩ ነው እማ።"

ማስኩ ሲንሸራተትባት በራሷ እጅ አስተካከለችው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ፣ "አትንኩብኝ፣ ይህች ልጅ ትገላችኋለች" ትል ነበር። አንዳንዱ ቀን ጣቷ ላይ የሚለኩት ቁጥር ከፍ ይላል፣ ሐኪሙም ፈገግ ይላል። እኔም በልቤ አጠና ስትሸጥ አያታለሁ።

የሞተችው ከቀትር በኋላ ነው፣ እኔ በሌለሁበት። ልቧ ነው የደከመው አሉኝ። ስመለስ መጋረጃው ተስቦ ነበር። ማስኩ ፊቷ ላይ እንደተስተካከለ ነው፤ አላወለቀችውም፣ ማንም አላወለቀባትም። ያን ቀን ማስኩ አላተረፋትም። ግን እነዚያን ቀናት የሰጣት እሱ ነው፤ የሳቀችው፣ አጥሚቱን የጠጣችው፣ ከኔ ጋር የታረቀችው በእሱ ነው። የምትስለው ሴትዮ ይህን ሰምታ ቶሎ ብትሄድ፣ ስትጠየቅም ያለባትን ሁሉ ብትናገር ነው የምወደው።

በሞተችበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም ነበር። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ዓይኔን ከማስኩ አላነሣ ስላት በእጇ ወደ በሩ አሳየችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ዘበኛ ሆነሽ ልትቀሪ ነው? አልነካውም ብያለሁ። ሂጂ፣ ምሳሽን ብለሽ ነይ።"