ለለቅሶ ቤት የተከራየሁት ኮሜዲ

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ሐዘንተኛ ማሳቅ የእኔ ሺፍት ነበር። ሰልስት ላይ ካርታዬን ይዤ ከገባሁ ሟቹ ራሱ ፈገግ ይላል እያልኩ እጎርር ነበር።

ፔንብሩክ ሰፈር የሚኖሩት ጋሼ ግን አቃቱኝ። ወንድማቸው አዲስ አበባ መሞቱን ከተረዱ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ አላለቀሱም፣ አልተናገሩም፣ እህል በአፋቸው አልዞረም። ባለቤታቸው እትዬ በር ላይ ያዙኝና፣ «አንተ ቀልደኛ፣ ዛሬ ካላናገርክልኝ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትል!» አሉኝ።

ቪዲዮ ቤት ሮጥኩ። ኮሜዲ ከሚለው መደርደሪያ ሽፋኑ ላይ ሰው የሚስቅበትን ፊልም አነሳሁ። የጀርባውን ጽሑፍ ማን ያነባል!

ለቀስተኛው ፊት ከፈትኩትና እንደ ልማዴ ቆሜ እንግሊዝኛውን መተርጎም ጀመርኩ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ እሾሃማ ሽቦ፣ ውሻ፣ ባለ መስመር ልብስ የለበሱ ከሲታ ሰዎች መጡ። ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁበት ካምፕ!

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ እትዬ።

«ፋብሪካ ነው። ዩኒፎርማቸው ነው።»

«ውሻውስ?»

«ሱፐርቫይዘሩ ነው።»

ማንም አልሳቀም።

ፊልሙ ላይ ሰባት እስረኞች አንድ ጣውላ ላይ ተጣብቀው ተኝተዋል። አንዱ ለጎረቤቱ፣ «ነገ ማኔጀሩን አነጋግሬ ባለ መስኮት ክፍል አስቀይራለሁ» ይለዋል። እኔ «ኦቨርታይም በዛብን ነው የሚለው» ስል፣ ከጥግ አንድ ሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ናቸው! ለካ እንግሊዝኛው ከእኔ ይልቅ ይገባቸዋል።

«ውሸታም! እንደሱ አላለም» አሉኝ። የአራት ቀን የመጀመሪያ ቃላቸው ስድብ ሆኖ ለእኔ ደረሰኝ።

ከዚያ አወጉን። በአብዮቱ ጊዜ ከወንድማቸው ጋር ታስረው ነበር። ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሳ ሁሉም በጎኑ ይተኛል፤ የሚገለበጡትም በትእዛዝ፣ ባንዴ ነው። አዛዡ ወንድማቸው ነበር።

«‹ክቡራን መንገደኞች፣ አውሮፕላናችን ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው፤ ቀበቷችሁን እሰሩ› ይለናል። ቀበቷችንን እኮ ገና ስንገባ በር ላይ ነው የወሰዱብን!» አሉና ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና አለቀሱ፤ አራት ቀን የተጠራቀመውን።

እኔ አጥፊ መሆኔን አምኜ፣ «ላጥፋው ጋሼ?» አልኩ።

«ወደ ኋላ መልሰው! አሁን የምተረጉመው እኔ ነኝ። አንተ ሪሞቱን ያዝ።»

እትዬ ሰሃን አምጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። ጋሼ አንድ እየጎረሱ፣ አንድ እየተረጎሙ፣ ቤቱን በሳቅና በለቅሶ አናወጡት። የካልጋሪ ቀልድ ንጉሥ ደግሞ «አቁም» ሲሉኝ እያቆምኩ፣ «ቀጥል» ሲሉኝ እየቀጠልኩ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ሪሞት ይዤ ቆምኩ።