ጠበል የገባበት ውሃ

ጌጡ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ፀጉር ያስተካክላል። ወረፋ ጠባቂው ስልኩን ትቶ እንዲያያቸው ብሎ ከግድግዳው ሥር በመስታወት ሳጥን አሥራ አንድ ቀያይ ዓሦች ያኖር ነበር። ሰባቱ በአንድ ሳምንት አለቁ፤ ክንፋቸው እየተበላ፣ ገላቸው ጥጥ የመሰለ ነገር እያበቀለ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሀብታሙ አይቶ በሽታው ባክቴሪያ ነው አለው። የተረፉትን አራት በባልዲ ለይቶ መድኃኒት እንዲሰጥ፣ ውሃውን እንዲደፋ፣ ሳጥኑን፣ መረቡንና የአየር ቱቦውን በበረኪና እንዲያጥብ ነገረው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ግን አከራዩ እትዬ እቴነሽ ለዓሦቹ አዝነው፣ ጌጡ ምሳ በሄደበት አንድ ኩባያ ጠበል ሳጥኑ ውስጥ አፍስሰዋል። ጠበል ደግሞ እግር የሚረግጠው ቦይ ላይ አይደፋም። በረኪና ይግባበት ለማለትማ ማን ደፍሮ።

ሦስት ቀን ሙሉ ደንበኛው ሁሉ ሊቅ ሆነ። ባጃጅ ነጂው ሞላ እንኳ፣ «ክርስትና ተነሥተዋል፤ ስም አውጣላቸው» እያለ ያላግጣል። በእኛ አገር ፍጥረት ይሞታል እንጂ ክርክር አይሞትም፤ ለሃይማኖት የሚቆረቆር አፍ ሞልቷል፣ አካፋ የሚያነሣ እጅ የለም። በአራተኛው ቀን ባልዲው ውስጥ አንዱ ዓሣ በጎኑ ተጋደመ።

ጌጡ ሱቁን ዘግቶ ቄስ ዘውገ ዘንድ ሮጠ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ዓሦቹ አሁን የት ናቸው?»

«በባልዲ፣ አባቴ። አራት ቀናቸው።»

«አራት ቀን እኔን ለመጠየቅ ፈርተህ? ጠበል ለማዳን እንጂ ለማስጨነቅ አልተሰጠም። ሰው ከማይረግጥበት ቆፍረህ አፍስሰው፤ ከዚያ ሳጥንህን ባሻህ እጠብ።»

ይኸው ነው። አራት ቀን የታፈነ ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ጌጡ ከጓሮው ጥድ ሥር ቆፈረ፤ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ያመላለሱት እትዬ እቴነሽ ራሳቸው ናቸው። ከሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ጠጠር ጣለ፤ ሳጥኑን፣ መረቡንና ቱቦውን በበረኪና ዘፈዘፈ፣ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ አለቀለቀ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቀ። ከዚያ ቀድቶ ያሳደረውን ውሃ ሞላና አራቱን መለሳቸው። የተጋደመው ጥቂት ተንገዳግዶ ቀና አለ። ጌጡ ከመላጫው ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

እትዬ እቴነሽ ከደጃፉ ቆመው ኖሯል። «እኔ ክፉ አላሰብሁም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ሌላ ጊዜ ግን እኔን ያጠጡኝ።»

ሳቁ፤ ገብተውም የወረፋ ጠባቂው አግዳሚ ላይ ዓሦቹን እያዩ ተቀመጡ።